በወለድ አገድ የተገዛ ሰርተፍኬት

እኛ አገር ያለው ሰው "አለኝ" አይልም። ጎተራው እስከ አፉ ሞልቶ እንኳ ጎረቤት "ዘንድሮ እንዴት ነው?" ቢለው "ተመስገን፣ ለነፍስ ያህል ነው" ብሎ ያልፋል። ቁይ ገበያ በሬ አትርፎ የሸጠ ነጋዴ ወደ ቤቱ የሚገባው "ከሰርኩ" እያለ ነው። ዓይን ይፈራል፣ ተበዳሪ ይፈራል፣ ግብር ይፈራል። ስለዚህ አንዱ "የለኝም" ሲል ሰሚው በሆዱ "ሞልቶታል" ብሎ ይፈታዋል፤ ሁለቱም በዚሁ ተግባብተው ይኖራሉ። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፣ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ችግሩ የሚመጣው በእውነት ምንም የሌለው ሰው አፉን የከፈተ ቀን ነው። እሱም የሚለው ያንኑ "የለኝም" ነው፤ ሌላ ቃል ከየት ያመጣል?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወደቅሁ። ብቻዬን አልወደቅሁም፤ ከትምህርት ቤታችን ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ኀፍረቱን በጋራ ተሸከምነው። ታላላቆቼ አግብተው ወጥተዋል፣ እናቴ ካረፈች ቆይታለች፣ ሮብ ገበያ አጠገብ ባለችው መንደራችን ከአባቴ ጋር የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቴ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬ ናቸው። ውጤቱን ስነግራቸው "ታዲያ ሌላ በር የለውም?" አሉ። በር ነበረው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ "የሰው ልጅ ዕድገትና የሕፃናት እንክብካቤ" የሚል የአንድ ዓመት ሰርተፍኬት ይሰጥ ነበር። መዝጋቢው ሰውዬ "እናንተ ሥራ አትፈልጉም፣ ሥራ ነው እናንተን የሚፈልጋችሁ" አለን። አመንኩት። ለማመን የቸኮለ ሰው አሳማኝ አያጣም።

ክፍያው ግን ከአባቴ አቅም በላይ ነበር። በሬ ቢሸጡ ማረሻው ይቆማል። ባሕር ዛፋችን ገና ለጋ ስለነበር ለማገር እንኳ አይሆንም። የቀረችው ከቤታችን ሥር ያለችው የድንች ማሳ ናት፤ ከመሬታችን ሁሉ ለሟም እሷ ነበረች። አባቴ እሷን በወለድ አገድ ሰጡ።

ወለድ አገድን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ገንዘብ ትወስዳለህ፣ መሬትህን ታስይዛለህ። አበዳሪህ ወለድ አይጠይቅህም፤ ወለዱ ከመሬቱ የሚበላው ምርት ነው። ዋናውን ገንዘብ እስክትመልስ ድረስ አንድ ዓመትም ይሁን አሥር ዓመት መሬቱን እሱ ያርሳል። የምትመልሰው የወሰድከውን ያንኑ ነው፣ አይጨምርም አይቀንስም። አንድ ነገር ብቻ አለ። መሬቱን ማረሻ ከነካው በኋላ ገንዘብ ይዘህ ብትመጣ የዚያ ዓመት ምርት የአበዳሪው ነው፤ ለከርሞ ትጠብቃለህ።

ያበደሩን ጎረቤታችን ናቸው፣ የእናቴ የልብ ጓደኛ የነበሩ ባላቸው የሞተባቸው ሴት። ገንዘቡ የልጃቸው ነበር። ልጃቸው አብሮ አደጌ ናት፤ ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል፣ አንድ እርሳስ ለሁለት ሰብረን ጽፈናል። አሥረኛን እንደጨረሰች አረብ አገር ሄደች። እዚያ የሰው ልጅ ነበር የምትጠብቀው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የላከችውን እናቷ አንዲት ሳንቲም ሳይነኩ አስቀምጠውት ነበርና "ባንክ ከሚተኛ መሬት ላይ ይተኛ" ብለው ለአባቴ ሰጡ። እንግዲህ እኔ ልጅ መጠበቅ የተማርኩት እሷ ልጅ ጠብቃ ባገኘችው ገንዘብ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ አልታየኝም፤ ሲታየኝም ፈገግ ብዬ አለፍኩት።

ውሉ የተደረገ ቀን የንስሐ አባታችንና አንድ ሽማግሌ ምስክር ሆነው ተቀመጡ። ሽማግሌው ቀልድ የሚወዱ ናቸው።

"ለመሆኑ ልጅቷ የምትማረው ምንድን ነው?" አሉ።

"የሰው ልጅ እንዴት እንደሚያድግ ነው" አልኩ ከጓዳው በር ሆኜ።

"ይህን ለማወቅ ነው መሬት የሚያዘው? በእንጀራ ነዋ የሚያድገው!"

ሁሉም ሳቁ። አባቴም ሳቁና "በእንጀራ ማደጉንማ እናውቃለን፤ እንጀራው ከየት እንደሚመጣ ትማርልኝ ብዬ ነው" አሉ። ሽማግሌው በመልሱ ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እኔም በአባቴ ኮራሁ።

ተማርኩ። ትምህርቱን ወደድኩት፤ ይህን መካድ አልችልም። ሕፃን ልጅ ለምን እንደሚነክስ፣ ለምን አንዱን አሻንጉሊት መቶ ጊዜ ጥሎ መቶ ጊዜ እንደሚያነሳ፣ ገና ያልተናገረ ልጅ ስንት ነገር እንደሚሰማ ስማር እኔው ራሴ እንደ አዲስ የተወለድኩ ይመስለኝ ነበር። ተመረቅሁ፣ ጥቁር ካባ ለብሼ ፎቶ ተነሳሁ፣ ፎቶዋን አባቴ ምሰሶ ላይ ሰቀሏት። ብዙም ሳልቆይ ማርቆስ ውስጥ አንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ተቀጠርኩ። ሥራ ፈልጎ ባያገኘኝም እኔ ፈልጌ አገኘሁት።

ደመወዙ ሦስት ሺህ ብር ነው። በክረምት ልጆቹ ስለማይመጡ ክፍያ የለም። መንገድ ተዘግቶ፣ ትምህርት ቆሞ የሰነበትንባቸው ጊዜያትም ነበሩ፤ የዚያን ጊዜ ደመወዝ ዛሬም "ይታያል" እየተባለ ነው። ደመወዜን የተቀበልኩ ቀን ሃያ አምስት ኪሎ ጤፍ ልግዛ ብል ለማስፈጫ አይተርፈኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ እጄ ሥራ ስለሚይዝ አእምሮዬ ሒሳብ ይጀምራል። የቤት ኪራይ፣ ከሰል፣ ሳሙና፣ ዕቁብ። ከዚያ ማሳዋ ትመጣለች። ጎረቤታችን ሴት ስለሆኑና ወንድ ልጅ ስለሌላቸው መሬቱን ለእኩል አራሽ ነበር የሰጡት። አንድ ቅዳሜ ያቺ ማሳ በዓመት የምትሰጠው ድንች ቢሸጥ ስንት እንደሚያወጣ አሰብኩ። ከእኔ የዓመት ደመወዝ ይበልጣል። ሁለቴ አሰብኩት፣ ያው ነው። ጨርቁን ጨምቄ አሰጣሁና ከዚያ ወዲህ ያን ሒሳብ ሠርቼው አላውቅም።

አሁን ስሕተቴ የቱ ጋ እንደሆነ ልንገር። ሥራ ከያዝኩ በኋላ የመጀመሪያው ገና ላይ አገር ቤት ገባሁ። ባዶ እጅ አይገባም፤ ሰርተፍኬት ያላት ልጅ ባዶ እጇን ስትገባ ምን ይባላል? ከሰፈሬ ሱቅ በዱቤ ዘይትና ስኳር፣ ለአባቴ አንድ ነጭ ጋቢ፣ ለጎረቤታችን ሻሽ ወሰድኩ። አባቴ ጋቢውን ደርበው አንዴ ወደ ውጭ ወጡ፣ አንዴ ገቡ፣ መልሰው ወጡ። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን "ደመወዙ እንዴት ነው ልጄ? ይበቃሻል?" አሉኝ።

"ተመስገን አባባ፣ ለነፍስ ያህል ነው" አልኩ።

አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ እንደ ወጉ ነው ያልኩት። ውሸት አልተናገርኩም፣ እንዲያውም ከዚያ የበለጠ እውነት የለም። የአባቴ ፊት ግን በራ። ደመወዙ ብዙ ነው ብለው ተረዱት፤ እኔም እንደዚያ እንደሚረዱት አውቄ ነው ያልኩት። በማግሥቱ መንደሩ ሁሉ "የእገሌ ልጅ እኮ ተሳክቶላታል" አለ። ደስ አለኝ። የሆነው ይኸው ነው፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየበዓሉ ያው ሆነ። በዱቤ ይዤ እገባለሁ፣ ስመለስ አባቴ ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ገብስ፣ በሶና ቆሎ ያሸክሙኛል። ጎረቤታችንም ከማሳዋ የወጣ ድንች በፌስታል ያመጡና "የመሬታችሁን ቅመሽ" ይሉኛል፤ በደግነት ነው፣ አንዲት ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። የምበላው ያንን ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ "መምህር" ይሉኛል፣ መምህርቷ ግን ከአባቷ ጎተራ ነው የምትቀለበው። አንዳንድ ጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ በሶዬን በጥብጬ ስጠጣ አንዷ ሕፃን መጥታ ጉልበቴ ላይ ራሷን ታስደግፋለች፣ ያን ጊዜ ሁሉም ይረሳኛል። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፤ መውደዱ ደግሞ ዕዳ አይከፍልም።

አባቴ ስለ ማሳዋ አንድም ቀን አላነሱብኝም። ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ድሮ በማሳዋ ዳር ያቋርጡ የነበሩት አሁን በላይ በኩል ዞረው እንደሚሄዱ አየሁ። እኩል አራሹ ጥማዱን ይዞ ሲገባ በሩን ገጠም አድርገው ውስጥ ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜ ከሮብ ገበያ ድንች ገዝተው ሲገቡ ደረስኩባቸው። ፌስታሉን ከኋላቸው ደበቁት። ልክ እንደ ሕፃን ልጅ ደበቁት፣ ሕፃን ደግሞ ለምን እንደሚደብቅ ተምሬያለሁ። ያን ቀን ወደ ማርቆስ ስመለስ በመኪናው ውስጥ እንባዬን በነጠላዬ እየጠረግሁ ነበር። ከመምህራኑ ጋር በጀመርነው ዕቁብ ላይ ዕጣዬን በእጥፍ አደረግሁት።

አብሮ አደጌ ከመስቀል በኋላ ተመለሰች። ለገና ስገባ አገኘኋት። ቤታቸው እንኳን ደህና መጣሽ ባይ ሞልቶት ነበር። ሴቶቹ እየተቃለዱ "እስቲ ምን ይዘሽልን መጣሽ?" ሲሏት "ምንም" ትላለች። "ወርቁስ?" "የለም።" ሴቶቹ ተያይተው ይጠቃቀሳሉ። እኔ አቅፌ ሳምኳት። እጇ ሻክሯል፣ በበረኪና ዕቃ ሲያጥብ የኖረ እጅ ነው፤ ይህን አየሁ። አይቼም ለራሴ "ወርቁን ሻንጣ ውስጥ አድርጋዋለች" አልኩ። ጎተት አድርጌ ወደ ጥግ ወሰድኳትና "ከእኔም ትደብቂያለሽ?" አልኳት።

"ምንም የለኝም" አለች።

"እሺ፣ እንደሱ ይሁን" ብዬ ጎኗን በጣቴ ወጋ አደረግኋት። ትንሽ ቆይታ ሳቀች። ሳቋን እንደ ማመን ቆጠርኩት። እኔ እውነቴን የሚሰማኝ አጥቼ የምበግን ሴት፣ አንድ ዴስክ ላይ ያደገች ጓደኛዬ እውነቷን ስትነግረኝ አልሰማኋትም።

ጥር ሲያልቅ የዕቁቡ ዕጣ ደረሰኝ። ቀድሞ የደረሰው ዕጣ ብድር ነው፣ የቀረውን ዙር ሁሉ እየከፈልኩ መጨረስ አለብኝ፤ ይህን እያወቅሁ ወሰድኩት። ለድንቹ ማረሻ የሚገባው በየካቲት ነውና መቆየት አልቻልኩም። መንገዱ ክፍት በሆነ ሰሞን ቅዳሜ በጠዋት ተሳፍሬ ገባሁ። አባቴ ያን ገንዘብ ሳስረክባቸው ተነስተው ጋቢያቸውን አስተካከሉና ሽማግሌውንና የንስሐ አባታችንን ሊጠሩ ሄዱ።

ያው ሰዎች፣ ያው አቀማመጥ። ገንዘቡ ተቆጠረ፣ ልክ ነው ተባለ። ማሳዋ ወደ አባቴ ተመለሰች። የዛሬ አምስት ዓመት አንድ በሬ ይገዛ የነበረ ገንዘብ ዛሬ ጊደር አይገዛም፤ ወጉ ግን ቁጥሩን እንጂ ገበያውን አይጠይቅም። ጎረቤታችን አንዳች ቅር ያላቸው አይመስሉም። ገንዘቡን በመቀነታቸው እየቋጠሩ ወደ እኔ ዞር አሉና

"በዚህማ ልጄን አንቺ የተማርሽውን ነው የማስተምራት። አሁንም ይመዘግባሉ ብለዋታል። እንደ አንቺ ያድርግልኝ" አሉ።

አብሮ አደጌ ከእናቷ ጀርባ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። አባቴ "አሜን፣ አሜን! እንደ እኔይቱ ያድርጋት!" አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ደስታ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

"እትዬ" አልኩ፣ "ደመወዙ እኮ ትንሽ ነው። እውነቴን ነው። እንደምታስቡት አይደለም።"

ሽማግሌው በሣቅ ፈነዱ። "አዬ! ትንሽ ነው አለች! ታዲያ ማሳውን ማን አስለቀቀው፣ እኔ ነኝ? አባትሽ ላይ ያለው ጋቢስ ከሰማይ ወረደ?"

"ልጄ፣ ያለሽን አልተናገርሽም፣ ደግ አድርገሻል" አሉ የንስሐ አባታችን ጢማቸውን እያሻሹ። "ከዓይን ይሰውርሽ።"

መማል እችል ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ስለ ገንዘብ የፈለገውን ይበል፣ በሞተ ወላጁ አጥንት ከማለ ግን ይታመናል፤ በዚህ የሚቀልድ የለም። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አባቴን አየኋቸው። ዱቤው ገና ያልተከፈለውን ጋቢ እስከ አገጫቸው ለብሰው፣ ማሳቸውን ባገኙበት ቀን፣ በሰው ፊት፣ በእኔ ኮርተው ተቀምጠዋል። ብምል ለምን ይሆን መሬታቸው አምስት ዓመት የተያዘው? ቃሉን መልሼ ዋጥኩት። ሽማግሌው ተነሥተው አብሮ አደጌን ለረጅም ጊዜ መረቋት፣ ሁላችንም አሜን አልን። የእኔ አሜን ከሁሉም ጎላ ብሎ ተሰማኝ።

ሰኞ አብረን ወደ ማርቆስ መጣን። ኮሌጁ ድረስ ላደርሳት ቃል ገብቼ ነበር። መንገዱን ሙሉ ስለ ድሮ ትምህርት ቤታችን አወራችኝ፤ እኔ እየሳቅሁ በውስጤ ቃል እመርጣለሁ። የኮሌጁ በር ላይ ስንደርስ ክንዷን ያዝኳት።

"ቆይ። ከመግባትሽ በፊት ስሚኝ። ደመወዜ ሦስት ሺህ ብር ነው። በክረምት የለም። የምበላው ከአባቴ ቤት ይዤ የምመጣውን ነው። ማሳውን ያስለቀቅሁት በዕቁብ ነው፣ ገና ሰባት ዙር ይቀረኛል።"

እያየችኝ ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ በገና እኔ እሷን ያየኋት በዚያችው ፈገግታ ነበር።

"የእናቴ አጥንት ይውጋኝ" አልኩ።

ፈገግታዋ ወዲያው ጠፋ። እናቴን ታውቃታለች፣ ያጠባቻትም ጊዜ ነበር ይባላል። ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረችና

"እንግዲያው እኔም ልማልልሽ" አለች። "ምንም የለኝም ስልሽ ምንም የለኝም ማለቴ ነበር። የመጨረሻውን አራት ዓመት ተኩል አንድ ወር እንኳ አልከፈሉኝም። የተሳፈርኩበትንም የከፈሉልኝ እዚያ ያሉ የአገር ልጆች ናቸው፣ አዋጥተው። እማዬ ለአባትሽ ያበደረችው፣ ይኸው ይሄ ቦርሳ ውስጥ ያለው፣ በሕይወቴ የሠራሁት በሙሉ እሱ ነው። ማርያምን።"

ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ዘበኛው "በሩን ልቀቁልን እስቲ" አለንና ወደ አጥሩ ጠጋ አልን። እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው፤ አሁን ተመልሳ ትሂድ። አባቴ ዘንድ ደውዬ ወይም ሄጄ "ይቺ ልጅ ባዶ እጇን ነው የመጣችው፣ እናቷ የሚበሉት ከማሳዋ ነበር፣ ዘንድሮ ድንቹን ከእናቷ ጋር እኩል ይካፈሉ" ልበላቸው። አባቴ እንቢ የሚሉ ሰው አይደሉም። ገንዘቡም በእጇ ይቆያል። ነገሩ ሁሉ ግልጽ ብሎ ታየኝ። ግን አባቴ "አንቺ ደመወዝተኛ ነሽ፣ አትረጃትም እንዴ? የእኔ ማሳ ለምን?" ይሉኛል። ያን ጊዜ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ያሰብኩትን አፌ ውስጥ ይዤ ቆምኩ።

"አትግቢ ልበልሽ?" አልኳት በመጨረሻ። እንደ ጥያቄ ነበር ያልኩት፣ እንደ ምክር አልነበረም።

"ገብቼስ ምን፣ ሳልገባስ ምን?" አለች። "መንታ ልጆች አሳድጌያለሁ እኮ። ከጨቅላነታቸው እስከ ትምህርት ቤት። አንደኛው ከእኔ ሌላ ማንም ካበላው አይበላም ነበር። አገር ቤት ስገባ ሰው 'ምን ትሠሪ ነበር?' ሲለኝ 'ሰው ቤት' ነው የምለው። አንቺ ያንኑ ሥራ ሠርተሽ መምህር ትባያለሽ። ደመወዙ ባይኖርም ስሙ ይኑረኝ እንጂ።" ከዚያ ሳቀች። "ደግሞስ ያን ሁሉ ምርቃት ተሸክሜ ተመልሼ ሽማግሌውን ምን ልበላቸው?"

እኔም ሳቅሁ። እንዳትገባ ማድረግ እችል ነበር፤ ሌላ መንገድ እንዳለ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚበቃት። አልተናገርኩም። ቦርሳዋን አቅፋ በሩን አልፋ ገባች፣ እኔ አጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። የቆየችው ረጅም ጊዜ ነው፤ ገብቼ እጇን ይዤ ላውጣት የምችልበት በቂ ጊዜ ነበረኝ።

ስትወጣ ቦርሳው ቀሎ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። አጠገቤ ደርሳ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ምንም ሳልጠይቃት፣

"ለአባትሽ ግን አይዞሽ፣ ስለ ደመወዝሽ እኔ ትንፍሽ አልልም" አለችኝ።

ያላትን ሁሉ ከፍላ መውጣቷ ነበር። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ከሁሉም በፊት የተሰማኝ ደስታ ነው። "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኳት፣ እግዜር ይስጥልኝ ያልኩትም ከልቤ ነበር።